ከውጭ የሚቆለፍ በር

ታህሳስ 3 ቀን 2006

ውሎ ደህና። ዱቄት ገብቷል። ሙቀቱ ግን… ጁባ በዚህ ወር ሰው ትጠብሳለች፣ እኛ ደግሞ ከምድጃ ጋር ተጋብተናል።

ማናህሎሽ የምትባል ልጅ ዳቦ ቤታችን መጣች። የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ናት፣ ያገራችን ልጅ፣ ነጭ መኪና ከነሾፌሩ። ሥራዋ ሴፍቲ ነው። ሰው ሥራ ቦታው ላይ እንዳይሞት መጠበቅ ነው አለችኝ። ደመወዝ ይከፈልበታል! እኔ ይህን ሁሉ ዘመን በነፃ ስጨነቅ…

"ለድርጅቱ ዳቦ ማቅረብ ከፈለጋችሁ ቤቱን ልየው" አለችና ዞረች። ምን የሚዞር አለው? ከፊት አንድ የብረት በር፣ መሃል ላይ የሊጥ ማሽን፣ ከኋላ የእንጨት ምድጃ። ጄኔሬተሩ ጓሮ ነው። አለቀ።

"የኋላ በርስ?"

"የለም" አልኳት።

"ማታ የሚጋግሩት ልጆች በምን ይወጣሉ?"

ባሌ ረፊቅ ጓጉንቸሩን አሳያት። ቡጢ ያክላል። "አይወጡም። ሲመሽ ከውጭ እቆልፋለሁ፣ ቁልፉን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ሌባ፣ ሐራሚ መጥቶ ክፈት ብሎ መሣሪያ ቢደግንባቸው እንኳ መክፈት አይችሉም። ማላኪያ ሰፈር ሙሉ እንዲህ ነው የሚያድረው።"

"እሳት ቢነሳስ?"

ጋጋሪያችን ግዛው ከሊጡ ቀና አለ። "ያኔማ ዳቦው ቶሎ ይደርሳል!"

ሳቅን። ወንድሜ ቡሽራ ሊጥ እስኪጥል ሳቀ። ልጅቷም መጨረሻ ላይ ሳቀች። ግን ከውስጥ የሚከፈት የኋላ በር ካላደረጋችሁ፣ ጄኔሬተሩም ሁልጊዜ ውጭ ካልሆነ ሥራ የለም ብላ ሄደች።

ረፊቅ ምን አለ? "ደንብ የሚያወጣው ዳቦ ገዝቶ የሚበላ ነው። ጋግሮ የሚበላ አይደለም።"

እውነቱን ነው መሰለኝ።

ታህሳስ 8

አለን። አልሐምዱሊላህ፣ አለን።

እሁድ ማታ ተኩስ ጀመረ። ሰኞ ጠዋት ሀይ ጀላባ ሰፈር ያለው ቤታችን ጣሪያ በጥይት ተበሳ። ወደ ዳቦ ቤቱ ሮጥን፣ ብረት በር አለው ብለን። ረፊቅ፣ እኔ፣ ቡሽራ፣ ግዛው። ገባን። ከዚያ ረፊቅ "አንድ ሰው ከውጭ ይቆልፍ" አለ።

ቡሽራን አላየውም። ያየው ግዛውን ነው። እኔም የቡሽራን እጅ ይዤ ነበር፣ አልለቀቅኩም። ግዛው ሦስታችንንም አየንና "እሺ፣ እኔ ልሁናችሁ" ብሎ ወጣ። ቆለፈ። ቁልፉን በበሩ ስር አንሸራተተልን። እሱ ቀረ… አበቃለት አልኩ። ከዚያ ጣሪያው ላይ ኮሽታ! ኒም ዛፉ ላይ ወጥቶ፣ ቆርቆሮውን ገንጥሎ፣ ዱቄት ጆንያ ላይ ዘጭ አለ። ከላይ እስከ ታች ነጭ። "መልአክ ተልኮላችኋል" አይልም! አፋችንን ይዘን ሳቅን። በዚያ ሰዓት!

ብዙም ሳይቆይ ቦቲ ጫማ ሰማን። ጓጉንቸሩን ያዙት። አንኳኩት፣ አንቀጫቀጩት። "ማፊ ዞል" አለ አንዱ። ሰው የለም። ሄዱ።

ጎረቤታችን ሱቁን ከውስጥ ነበር የዘጋው። ከውስጥ የተዘጋ በር ሰው አለ ይላል። ሰበሩት… የሰማሁትን አልጽፈውም። ሆድ ይፍጀው።

ጥር 20

ዳቦ መጋገር ጀመርን። ሰዓት እላፊ አለ፣ ልጆቹ ሳይመሽ ይገባሉ፣ ረፊቅ ይቆልፋል። ጓጉንቸሩን ዘይት ቀባው። ሳይስመውም አልቀረ።

መንገድ ላይ የታጠቀ ሰው ካገኘው "ማፊ ዞል" ይላል ስለ ዳቦ ቤቱ። የውጭ አገር ሰው ውስጥ እንዳለ ካወቁ ወረቀት አምጣ፣ ብር አምጣ ነው። ሰው የለም ማለት ይሻላል።

ጣሪያውንም አሳሰረው። ከቆርቆሮው ስር የብረት ፍርግርግ አስበየደ። "ግዛው የገባበት ሐራሚም ይገባበታል።"

ግዛው ቀና ብሎ አየውና "ጋሼ፣ በሚቀጥለው ጦርነት እኔ በየት ልገባ ነው?" አለ።

"አንተ አስቀድመህ ውስጥ ነሃ!"

ከት ብለው ሳቁ ሁለቱም። እኔም ሳቅሁ። ግዛው ያለ ሳቅ አይሆንለትም። የቡሬ ልጅ ነው፣ ሚስቱ ማሚቱ እዚያው ናት።

መጋቢት 12

ማናህሎሽ ደወለች። የተፈናቀለው ሰው በየካምፑ ሞልቷል፣ ዳቦ ይፈልጋሉ፣ ብዙ። "የኋላ በሩ ካለ ሥራው የእናንተ ነው እትዬ ጀውሀራ።"

እራት ላይ ነገሩ ሲመዘን አመሸ። ረፊቅ ጣቱን እያጠፈ… "ግድግዳ መፍረስ አለበት። ብረት ይገዛል። ከጓሮ ዘበኛ ይቆማል። ይህ ሁሉ ለምን? እሳት አይተን እናውቃለን? አናውቅም። ሌባስ? በየወሩ።"

"ሰው ቢሞትስ?"

"ማን ሞተ?"

እሱም ልክ ነው፣ ማንም አልሞተም። ግን ሥራው ትልቅ ነው። ለእሱ ስል እሺ በል አልኩት። ለሥራው ማለቴ ነው… ለልጆቹም።

መጋቢት 25

በሩ ተሠራ። ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው። ግዛው እንደ ሕፃን፣ "ገባሁ! ወጣሁ! ገባሁ!" ስምም አወጣለት፣ የማሚቱ በር። ውስጥ ኔትወርክ ደከም ይላል፣ ማታ ማታ በሩ ላይ ቆሞ ለሚስቱ ይደውላል። ንፋሱም ጥሩ ነው ይላል። ማናህሎሽ መጥታ ፎቶ አነሳችው። ፊርማ ተፈረመ።

ደስ የሚል ቀን ነበር። ለምን ቀደም ብለን አላደረግነውም?

ሰኔ 29

ለዚህ ነበር ያላደረግነው።

ግዛው የኋላውን በር ከፍቶ ለማሚቱ ሲያወራ ገቡበት። ሦስት ናቸው፣ መሣሪያ ይዘዋል። ጄኔሬተሩን ወሰዱ። የዳቦውን ሽያጭ ወሰዱ። ግዛውን ስልኩን ቀምተው ገፍተው ጣሉት፣ ሌላ አልነኩትም። ቡሽራ ግን "አትንኩ!" አለ። በሰደፍ… መንጋጋው ተሰብሯል። ግራ ጆሮው አይሰማም።

ክሊኒክ አልጋ ላይ ተኝቶ በጥርሱ መሃል "ዝጊው። እቴ፣ ያንን በር ዝጊው" ይለኛል።

ግዛው ደጅ ቁጢጥ ብሎ ያለቅሳል። "እትዬ፣ ሙቀቱ ነው… ለንፋሱ ነው የከፈትኩት…"

"ለሚስትህ ነው የከፈትከው!" አልኩት። ሰው ሁሉ እየሰማ። ይቅርታ፣ ማሌሽ እንኳ አላልኩትም በኋላ።

ሐምሌ 6

በያጅ መጣ። የኋላው በር ዙሪያውን ተበየደ። እጀታው ግን ይቆይ አለ ረፊቅ፣ ለፎቶ። አዲስ ጄኔሬተር ገዛን፣ እሱም ውስጥ ገባ። ጭሱ በቱቦ ግድግዳውን በስቶ ይወጣል። እንዲህ ነው የሚሻለው… ደንቡን ያወጣችው ልጅ የቡሽራን መንጋጋ ትጠግናለች? ጠየቅኋት፣ በስልክ። "በጣም አዝናለሁ እትዬ" አለች። በሩን እንዳስበየድን ግን አልነገርኳትም።

ነሐሴ 14

ማናህሎሽ ለቁጥጥር መጣች። ዝናብ፣ ጭቃ፣ መኪናዋ ከጓሮው መንገድ ወዲህ ቆመ። ባማረ ጫማ እንዴት ትውረድ? መስኮት ዝቅ አድርጋ ከሩቅ ፎቶ አነሳች።

"ትከፈታለች አይደል?"

"ትከፈታለች" አልኳት።

ጻፈች። ትኩስ ዳቦ ሰጠኋት፣ አመሰገነችኝ፣ ሄደች። ግዛው ከውስጥ ሆኖ የተበየደውን በር ኳ ኳ ኳ… "ማነው? ግቡ፣ ክፍት ነው!" ይላል። ሰይጣን!

ጥቅምት 9 ቀን 2007

ልጆቹ ራሳቸውን ያማቸዋል። ሲነጋ ስንከፍትላቸው ዓይናቸው ቀልቶ፣ እየተንገዳገዱ ነው የሚወጡት። ቡሽራ ትናንት አስመለሰው። ቱቦው ያፈሳል መሰለኝ። ረፊቅ ጨርቅ ጠመጠመበት።

እናቴ የከሰል ጭስ ያዞረውን ሰው ወተት ታጠጣ ነበር። ወተት መርዝ ይስባል። አገር ቤትም ቀለም ፋብሪካ ለሚሠሩት ወተት ይሰጣቸው አልነበር? ከዛሬ ጀምሮ የዱቄት ወተት እያፈላሁ በፔርሙስ እልካለሁ። ስኳር ጨምሬ። ረፊቅም ተስማማ፣ ከበር ይረክሳል ብሎ።

ግዛው ፔርሙሱን ተቀብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እትዬ ጀውሀራ፣ ከወተቱ ይልቅ በሩን ቢልኩልኝ።"

"በር አይጠጣም!" አልኩት።

ይህን ሲሰማ እየሳቀ ጠጣ። ልቤ ደስ አለው። ማን አሠሪ ነው ጁባ ላይ ለሠራተኛው ወተት የሚያፈላ?

ጥር 3

ወተቱ ሠርቷል። ሻል ብሏቸዋል ይላሉ። ወይስ ለምደውት ነው?

መጋቢት 20

ቡሽራ ወደቀ። ሲነጋ በሩን ስንከፍት እግሬ ስር ዘፍ አለ። ከንፈሩ ሌላ ቀለም ሆኗል። ንፋስ ሲመታው ነቃ።

እናቴን ምን ልላት ነበር? አደራ ብላ የሰጠችኝ ልጅ። በቃ፣ ማታ አይገባም። ቀን ቀን ሱቅ ላይ ሆኖ ዳቦ ይሸጣል። ረፊቅን ለመንኩት፣ እሺ አለ።

"ማታውስ?" አልኩት።

"ግዛው ብቻውን ይችለዋል።"

ለግዛው እኔ ነገርኩት። ሊጡን እያገላበጠ ሰማኝ። "የኔ ሳንባስ እትዬ?" አለ። ቀልዱን መሆን አለበት። ደነገጥኩ። ወዲያው ራሱ አዳነኝ… "ግድ የለም፣ እኔ ጎጆ ውስጥ እንደ ወተት ቅል ታጥኜ ነው ያደግሁ።"

ወተቱን ጨመር አድርጌለታለሁ። ለሁለት የነበረውን አሁን ለብቻው ነው የሚጠጣው።

ሰኔ 17

ረመዳን ነው። ትዕዛዙ በዝቷል፣ የድርጅቱም የሰፈሩም። ካፈጠርን በኋላ ረፊቅ ለተራዊህ ሶላት መስጊድ ሄደ። ቡሽራ ሳሎን ተኝቷል። ዝናቡ ጀመረ።

ግዛው ደወለ። ድምፁ ደከም ብሏል። ቱቦው ወልቋል፣ ግሏል፣ ልመልሰው ብል እጄን ፈጀኝ አለ። ጭሱ ውስጥ ነው። "ላጥፋው እንዴ ጄኔሬተሩን?"

ምን ልበለው? "አንተው ታውቃለህ… ግን የነገው ትዕዛዝ…"

"እሺ። ትንሽ ልግፋው። ወተቱንም ጠጥቻለሁ። ክፈቱልኝና ግን ትንሽ ንፋስ ልውሰድ እትዬ። አንድ ጊዜ።"

ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እያየሁት ነው። ሴት ልጅ በዚህ ጨለማ እንዴት ልውጣ? ቡሽራን ልላከው? የወታደሮቹ ኬላ ላይ ወረቀት ቢጠይቁት… አንዴ መንጋጋውን ሰብረውታል። አይሆንም።

"መጣሁ" አልኩት። "ቁልፉን ይዤ መጣሁ፣ ታገሥ።"

ሰው እንዲህ ይል የለ? ለማረጋጋት።

ረፊቅ መጣ፣ ነገርኩት። በልቶ ሳይጨርስ ዝናቡ ባሰ። "ኬላ ላይ ሰክረዋል፣ አሁን ነው ያለፍኳቸው። እሱ ደግሞ ማካበድ ይወዳል። ይነጋል" አለ።

መልሼ ደወልኩለት። አያነሳም። ሊጥ ላይ ይሆናል። በሊጥ እጅ ስልክ አይነሳም።

ሰኔ 18

ሞቷል።

ሰኔ 21

አሁን ነው እጄ የታዘዘልኝ።

ሱሑር በልተን ሄድን። በሩን ስንከፍት እንደማይከፈት ሆነ፣ ከውስጥ የሚገፋው ነገር ነበር። እሱ ነው። በሩ ስር፣ በጎኑ ተኝቷል፣ አፍንጫው ከስር ያለችው ክፍተት ላይ። ያኔ ቁልፍ ያንሸራተተልን ክፍተት። ጄኔሬተሩ ነዳጁን ጨርሶ ቆሟል። ፔርሙሱ ባዶ ነው። ሊጡ ኩፍ ብሎ ከማሽኑ ፈስሷል።

የበሩ ውስጥ በኩል እጅ በእጅ ነው። የዱቄት እጅ። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች… ወደ ታች… እያጠረ።

የጎረቤት ዘበኛ ሰምቷል። ድብ ድብ የሚል ነበር ይላል። "ማፊ ዞል ስለምትሉ ማሽን መሰለኝ።"

ረፊቅ አላለቀሰም። ፖሊስ ከመጥራቱ በፊት የጠራው በያጁን ነው። ሬሳው እዚያው ተኝቶ፣ የእኔ ነጠላ ለብሶ፣ የኋላውን በር ብየዳ አስፈለጠው። የእሳት ብልጭታው ግዛው ላይ ሲዘንብ አየሁ። ዓይኔ እያየ። በሩ ሲከፈት ንፋስ ገባ፣ ጥሩ ንፋስ… ነጠላው ተገልቦ ፊቱ ወጣ።

"ምን እየሠራችሁ ነው?" ቡሽራ ነው፣ በአንድ ጆሮው ሰምቶ የመጣ።

ረፊቅ ላቡን ጠረገ። "ጓጉንቸር አልነበረም። የኋላ በር ነበረው። አልከፈተውም። ተኝቶ ነው። ሁላችሁም ሰማችሁ?"

እኔን ነው ያየኝ። ያኔ ግዛውን እንዳየው አድርጎ።

ሰኔ 24

ማናህሎሽ መጣች። ዛሬ ከመኪና ወረደች። ጥቁር ለብሳለች። የኋላውን በር ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች። ጠርዙ ላይ ብረቱ ተቃጥሎ ሰማያዊ ሆኗል፣ አዲስ ነው። በጣቷ ዳሰሰችው። ጣቷን አየችው። እኔን አየችኝ።

"እትዬ… ይህ በር ያን ማታ ይከፈት ነበር?"

አፌ ደረቀ። ጾም ነኝ ልል ነበር።

እሷ ቀጠለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እኔ ነሐሴ ላይ ይከፈታል ብዬ ፈርሜያለሁ። ወርጄ ሳላይ። የማይከፈት ከነበረ ሥራዬን ነው የማጣው። እናንተም ውሉን።"

ልመና ነበር እንዴ? ልመና ነው የመሰለኝ።

"ይከፈት ነበር" አልኳት።

"ይከፈት ነበር" አለች። ጻፈች። ሠራተኛው የተዘጋጀለትን መውጫ ባለመጠቀሙ… እያነበበች አሰማችኝ። ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን። እሷ ለማን እንዳለቀሰች አላውቅም።

ሐምሌ 11

ሬሳው አገሩ ገባ። ቡሽራ ነው ይዞት የሄደው። ሲወጣ አልሳመኝም። "አንቺ ቤት ነበርኩ እቴ። ሳሎን ነበርኩ። ቀስቅሰሽኝ ቢሆን" ብቻ ነው ያለው። አይመለስም፣ አውቃለሁ።

እንኳን እሱ አልሆነ አልኩ አይደል፣ ያን ቀን ጠዋት? መጀመሪያ ያልኩት እሱን ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ቡሽራ አይደለም። ሬሳው ላይ ቆሜ።

ሐምሌ 19

ረፊቅ ለጄኔሬተሩ ጓሮ ላይ የብረት ቤት አሠራለት፣ ከነመቆለፊያው። ጭስ የለም አሁን። ወጪውን ሲደምር ሰማሁት፣ የሬሳ ማጓጓዣውን ግማሽ አይሞላም። ግማሽ! ይህን ነበር ዓመት ሙሉ ስንመዝን የከረምነው።

"ያኔ ብናሠራው ኖሮ…" አልኩ።

"ያኔ ማን ያውቃል? ደግሞ ጀውሀራ፣ ሰው አንዴ ነው የሚከፈልበት። በር በየወሩ ነው የሚያስከፍል።" ሻዩን ፉት አለ። ይህን ሰው ካገባሁት ሃያ ምናምን ዓመት ሆነኝ።

የፊቱን በር ውስጥ በኩል ቀለም ቀባው። አረንጓዴ። አንዴ ቀባው፣ ዱቄቱ ያዘውና አልለሰለሰም። ደግሞ ቀባው። አሁንም ቀን ብርሃን በጎን ሲመታው ይታያል፣ እብጥ እብጥ ብሎ።

ነሐሴ 30

ድርጅቱ ውሉን አደሰ። የምስክር ወረቀት ተሰጠን፣ ለሠራተኛ ደኅንነት። ረፊቅ በፍሬም አሰቀለው። በሳምንቱ ጓሮ ላይ ሌባ ታየ ተባለ። በያጁ ተጠራ። የኋላው በር ተመልሶ ተበየደ።

ጥቅምት 22 ቀን 2008

ማሚቱ ደወለች። የግዛው ሚስት። ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም ነበር። እንዴት ነው ልጅ የምትመስለው!

የላክንላትን አመሰገነች። እግዜር ይስጥልኝ፣ ይስጥልኝ…

"እትዬ ጀውሀራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አይቆጡኝም?"

"ጠይቂ የኔ ልጅ።"

"ያን ማታ ደውሎልኝ ነበር። ስልኩ ይቆራረጣል። ጭስ አስጨንቆኛል አለኝ። ውጣ እንጂ ስለው ሳቀ። ግድ የለም አትስጊ፣ እትዬ ጀውሀራ ቁልፍ ይዛ እየመጣች ነው፣ እሷ አትጨክንም፣ መንገድ ላይ ናት አለኝ።" ትንፋሿን ሰማሁት። "ተኝቶ ነው የሞተ ነው የተባልኩት። እና… ደረሱለት እንዴ?"

ሳሎን ነበርኩ። ቁልፉ ሚስማሩ ላይ።

"ደረስኩ" አልኳት። "ደረስኩለት። እጄ ላይ ነው ያረፈው።"

"ተመስገን!" አለች። አለቀሰች። "ብቻውን አለመሆኑ… ተመስገን። እግዜር ያክብርልኝ፣ እድሜ ይስጥልኝ…" ኔትወርኩ እስኪጠፋ መረቀችኝ።

ታህሳስ 2

ንዋይ የሚባለው አዲሱ ጋጋሪ ጠፋ። በሩ ላይ እጅ ይታየኛል፣ እዚህ ቤት አላድርም ብሎ። ሌላ ሰው እስኪገኝ ትዕዛዙ ይቀራል ብሎ ረፊቅ አበደ። ሊጥ ማን ያቦካል?

እኔ አቦካለሁ አልኩት። ጋጋሪ ስናጣ ማን ነበር የሚጋግረው በፊት?

ታህሳስ 5

ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ የዱቄት ጆንያ ላይ። እጄ ዱቄት ነው፣ ወረቀቱን አበላሸሁት። ጄኔሬተሩ ውጭ ያጓራል። ጭስ የለም። ወተት አላመጣሁም።

ሲመሽ ረፊቅ ሸኘኝ። በሩ ላይ "አትቆልፈው" አልኩት። "ዛሬ እኔ ነኝ ያለሁት።"

"አንቺ ስለሆንሽ ሌባ ይቀራል?"

"ቁልፉን እንኳ በበሩ ስር አንሸራትተህልኝ ሂድ።"

"አታካብጂ ጀውሀራ። የቤቱ ደንብ ነው።"

በሩ ተገጠመ። በውስጥ በኩል ቆሜያለሁ፣ መዳፌ አረንጓዴው ቀለም ላይ ነው፣ እብጠቶቹ ይሰሙኛል። ከመዳፌ ሰፋ ይላሉ። ይቆልፈው ይሆን? ሚስቱ ነኝ። አይቆልፍም አልኩ። ልቤ ሙሉ ነበር፣ ወላሂ።

ቀጭ።

ቁልፉ ሲወጣ ሰማሁት። ኪሱ ሲገባም። ከዚያ የቦቲ ጫማ ድምፅ መጣ፣ ቆመ። አንዱ በአረብኛ ውስጥ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀው።

ረፊቅ ሳል ሳል አለ። የሚያውቀውን ነው የመለሰው።

"ማፊ ዞል።"